የሱቅና የመጋዘን ካሜራ ሲያስቸግር፦ ምልክቱ፣ ምክንያቱና መፍትሔው

ሰበታ፣ ቡራዩ፣ ሱሉልታ፣ ለገጣፎ ወይም ገላን ላይ መጋዘን፣ ወፍጮ ቤት ወይም የግንባታ ዕቃ መሸጫ ያለው ሰው ብዙ ጊዜ የሚያድረው ሌላ ቦታ ነው። ካሜራ የሚያስገጥመውም ቤቱ ሆኖ በስልኩ ለማየት ነው። ካሜራው አላሳይ ሲለው መጀመሪያ የሚያስበው «ካሜራው ተበላሸ» ብሎ ነው፤ መርካቶ ወርዶ አዲስ ይገዛል፤ አዲሱም ሳምንት ሳይሞላው ያንኑ ያደርጋል። ጥፋቱ አብዛኛውን ጊዜ የካሜራው አይደለም፤ የመብራቱ ወይም የመስመሩ ነው። ስለዚህ ገንዘብ ከመክፈል በፊት ቴስተር (የቮልት መለኪያ) ይዞ መለካት ይቀድማል። ከዚህ በታች ያሉት ምልክቶች የተደረደሩት በተደጋጋሚ በሚያጋጥሙበት ቅደም ተከተል ነው።

ቀን ደህና ይሠራል፣ ሲመሽ ይጠፋል

ብዙ ካሜራ ያለ ጥፋቱ የሚጣለው በዚህ ብልሽት ነው። ቀን ጥርት አድርጎ ያሳያል፤ ሲጨልም ምስሉ ብልጭ ድርግም ይላል ወይም በየደቂቃው እየጠፋ ይነሳል። ሲጨልም በሌንሱ ዙሪያ ያሉት የኢንፍራሬድ መብራቶች ስለሚበሩ ካሜራው የሚስበው ኃይል እጥፍ ገደማ ይሆናል። ኬብሉ ረጅምና ቀጭን ከሆነ ቮልቱ መንገድ ላይ ያልቃል።

በቁጥር እንየው። የተለመደው የኔትወርክ ኬብል አንድ ሽቦ በሜትር 0.084 ኦም ገደማ መቋቋም አለው። ካሜራው 40 ሜትር ርቆ በአንድ ጥንድ ሽቦ ኃይል ቢላክለት፣ መሄጃና መመለሻው 80 ሜትር ስለሆነ መቋቋሙ 6.7 ኦም ይሆናል። ካሜራው ቀን 0.25 አምፔር ቢስብ 1.7 ቮልት ይጎድላል፤ አዳፕተሩ ከሚልከው 12 ቮልት 10.3 ይደርሰዋል፤ እንደምንም ይሠራል። ማታ 0.5 አምፔር ሲስብ ግን 3.4 ቮልት ይጎድልና 8.6 ብቻ ይቀረዋል። በዚህ ቮልት የሚነሳ ካሜራ ጥቂት ነው።

ኬብሉ ንጹሕ መዳብ ካልሆነ ደግሞ ይብሳል። ገበያ ላይ ርካሹ ኬብል ብዙ ጊዜ ላዩ መዳብ የለበሰ አሉሚኒየም ሲሆን መቋቋሙ የመዳቡን አንድ ተኩል እጥፍ ገደማ ነው። ለማወቅ የሽቦውን ጫፍ በምላጭ ፋቅ ያድርጉት፤ ውስጡ ነጭ ሆኖ ከታየ አሉሚኒየም ነው።

ለማረጋገጥ መምሸቱን መጠበቅ አያስፈልግም። ቀን ላይ የካሜራውን ፊት በጥቁር ጨርቅ ይሸፍኑ፤ ጥቂት ቆይቶ ትንንሾቹ መብራቶች ፈዘዝ ያለ ቀይ ሲሆኑ ይታያሉ። ጨርቁ ሳይነሳ ካሜራው ጫፍ ላይ ያለውን ቮልት በቴስተር ይለኩ። ከ10.8 በታች ከሆነ ምክንያቱ ተገኝቷል።

መፍትሔው ከርካሹ ሲጀመር፦ ኬብሉ ውስጥ ያሉትን ትርፍ ጥንዶች አንድ ላይ ማጣመር ነው። የአይፒ ካሜራ (ምስሉን በኔትወርክ የሚልከው) በ100 ሜጋቢት መስመር ብርቱካናማውንና አረንጓዴውን ጥንድ ብቻ ስለሚጠቀም ሰማያዊውና ቡናማው ለኃይል ይተርፋሉ፤ በሁለት ጥንድ ከላይ ያልነው ካሜራ ማታ 10.3 ቮልት ያገኛል። የዲቪአር ካሜራ (በሽቦ በቀጥታ ከመቅጃው ጋር የሚገናኘው) በባሉን፣ ማለትም ምስሉን በኔትወርክ ኬብል በሚያሳልፈው ትንሽ መገናኛ፣ ከተሠራ ምስሉ የሚሄደው በአንድ ጥንድ ስለሆነ ሦስቱን ማጣመር ይቻላል፤ 10.9 ይደርሳል። ይህም ካልበቃ አዳፕተሩን ወደ ካሜራው ማስጠጋት ነው፤ ውሃ በማይገባው ሳጥን ውስጥ መሆኑ ግን ግዴታ ነው። እንደ አዲስ ለሚያስገጥም ሰው ከሁሉም የሚሻለው ፖኢ ስዊች (በኔትወርክ ኬብሉ ራሱ ኃይል የሚልክ ማከፋፈያ) ነው፦ ኃይሉን በ48 ቮልት ስለሚልክ እስከ 100 ሜትር ድረስ ይህ ጣጣ የለም። ስዊቹም ካሜራውም 802.3 ኤኤፍ (የፖኢ ደረጃ ስም) የሚል ጽሑፍ እንዳለባቸው አይተው ይግዙ።

አራት ካሜራ በአንድ አዳፕተር የሚሠራ ከሆነ ማታ 2 አምፔር ይፈልጋሉ። ላዩ ላይ 2 አምፔር የሚል ርካሽ አዳፕተር ያንን አይሰጥም፤ 5 አምፔር ይግዙ።

ጎረቤት ብየዳ ሲጀምር ሪከርደሩ ጠፍቶ ይነሳል

የወፍጮ ሞተር ሲነሳ ወይም የብየዳ ማሽን ሲሠራ የሰፈሩ ቮልት ለቅጽበት ወደ ታች ይወርዳል፤ ሪከርደሩ (የካሜራዎቹን ምስል የሚቀዳው ሳጥን) እና ራውተሩ ያኔ ይጠፋሉ። ሪከርደሩ ጠፍቶ እስኪነሳ አንድ ሁለት ደቂቃ ሳይቀዳ ያልፋል፤ በተደጋጋሚ ሲሆን ደግሞ ሃርድ ዲስኩን ይገድለዋል። ሪከርደሩ፣ ራውተሩና ስዊቹ ሦስቱም በአንድ ዩፒኤስ (መብራት ሲጠፋ በባትሪ የሚተካ መሣሪያ) ላይ ይሁኑ። ብዙ ሰው ሪከርደሩን ብቻ ዩፒኤስ ላይ ሰክቶ ራውተሩን ግድግዳ ላይ ይተወዋል፤ መብራት ሲጠፋ መቅዳቱ ይቀጥላል፣ ባለቤቱ ግን ምንም አያይም። ሌባ የሚመጣውም መብራት ሲጠፋ ነው።

ለስንት ሰዓት ያቆያል? ራውተር 10 ዋት፣ ሪከርደር ከነዲስኩ 15 ዋት፣ አራት ካሜራ 20 ዋት፣ ድምሩ 45 ዋት እንበል። ትንሹ ዩፒኤስ ውስጥ ያለው ባለ 12 ቮልት 7 አምፔር ሰዓት ባትሪ አዲስ ሳለ እንኳን አንድ ሰዓት ቢያቆይ ነው። መብራት አድሮ የሚመጣበት ሰፈር ከሆነ ባለ 100 አምፔር ሰዓት ባትሪ ከኢንቨርተር ጋር ያስፈልጋል፤ ባትሪውን ከግማሽ በታች ሳያወርዱ 11 ሰዓት ገደማ ይሠራል።

ሱቅ ውስጥ ይታያል፣ በስልክ ግን «ኦፍላይን» ይላል

የራስዎን ስልክ ዳታ አጥፍተው ከሱቁ ዋይፋይ ጋር ያገናኙና አንድ ድረ ገጽ ይክፈቱ። ካልከፈተ ነገሩ ከካሜራው ጋር አይገናኝም፤ የሲሙ ፓኬጅ አልቋል ወይም ኔትወርክ የለም። ፓኬጅ ሲያልቅ ራውተሩ ዋይፋዩን መስጠቱን ስለማያቆም ሠራተኛው «ይሠራል» ብሎ ይነግርዎታል።

ድረ ገጹ ከከፈተ ችግሩ የአድራሻ ነው። ሪከርደሩ ከፋብሪካ ሲወጣ ብዙ ጊዜ በ192.168.1 የሚጀምር አድራሻ ይዞ ይመጣል፤ ዳሁዋ 192.168.1.108፣ ሂክቪዥን 192.168.1.64። በሲም የሚሠሩት የሁዋዌ ራውተሮች ግን ብዙዎቹ 192.168.8.1 ናቸው። ሦስተኛው ቁጥር ስለማይገጥም ኬብሉ ተሰክቶም አይግባቡም። የሪከርደሩን ኔትወርክ ገጽ ከፍተው ዲኤችሲፒ (ራውተሩ ራሱ አድራሻ እንዲሰጠው የሚያደርገውን) የሚለውን ያብሩ፤ ወይም በእጅ አድራሻውን 192.168.8.50፣ ጌትዌዩን 192.168.8.1፣ ዲኤንኤሱን 8.8.8.8 ያድርጉ። ከዚያ ፒቱፒ ወይም ሂክ-ኮኔክት የሚለውን፣ ሪከርደሩን በኢንተርኔት ከስልክዎ ጋር የሚያገናኘውን ገጽ ሲከፍቱ «ኦንላይን» ማለት አለበት። ብቻቸውን የተገዙ ሁለት ተመሳሳይ ካሜራዎችም አንድ አድራሻ ይዘው ስለሚመጡ ይጋጫሉ፤ አንድ በአንድ እየሰኩ ይቀይሩላቸው።

«ፖርት ክፈት» (ከኢንተርኔት በቀጥታ ወደ ሪከርደሩ መግቢያ ክፈት) የሚል ምክር ከሰሙ ይለፉት። የሞባይል ሲም ያለው ራውተር አብዛኛውን ጊዜ ከብዙ ደንበኞች ጋር አድራሻ ስለሚጋራ አይሠራም። በሚሠራበት ቦታም ሪከርደርዎን ለማንም በር ከፍቶ መስጠት ነው።

ራውተሩ በየጥቂት ቀኑ እየደረቀ ሰው ሄዶ ነቅሎ ካልሰካው የማይነሳ ከሆነ፣ ውስጡ በየቀኑ ራሱን የሚያስነሳበት ሰዓት መሙያ ካለው ይሙሉለት። ከሌለው በሰዓት የሚቆርጥ ሶኬት ይግዙ፤ ባትሪ ያለውን ዲጂታሉን ግን። የሚሽከረከረው ዓይነት መብራት በጠፋ ቁጥር ሰዓቱ ስለሚቆም ከወር በኋላ ራውተሩን እኩለ ቀን ላይ ሲያጠፋው ያገኙታል።

ይከፍታል፣ ግን እየቆመ ይሄዳል፤ ፓኬጁም ቶሎ ያልቃል

ሁለቱም አንድ በሽታ ናቸው። ስልኩ ዋናውን ምስል እየጠራ ነው። በሰከንድ 2 ሜጋቢት የሆነ ምስል በሰዓት 900 ሜጋባይት ይበላል፤ ያውም በሱቁ ሲምም በእርስዎ ስልክም ላይ ነው። ሪከርደሩ ላይ «ሰብ ስትሪም» (ለስልክ የሚላከው ትንሹ ምስል) የሚለውን 640 በ360፣ በሰከንድ 12 ፍሬም፣ 384 ኪሎቢት ያድርጉት፤ በሰዓት 173 ሜጋባይት ይሆናል። ዋናውን ምስል አይንኩት፤ ዲስኩ ላይ የሚቀረው እሱ ነው። ፍጥነት ሲያስለኩም የማውረጃውን ሳይሆን የመጫኛውን ቁጥር ይመልከቱ፤ ካሜራ ላኪ ነው።

የዋይፋይ ካሜራው አልገናኝ ይላል

አብዛኞቹ የዋይፋይ ካሜራዎች የሚሠሩት በ2.4 ጊጋኸርትዝ ብቻ ነው፤ ራውተሩ ላይ የ5 ጊጋኸርትዙን ዋይፋይ ስም ለይተው ካሜራውን ከ2.4ቱ ጋር ያገናኙት። የቆርቆሮ ሱቅና ኮንቴይነር ዋይፋይ አያሳልፉም። ራውተሩ ውስጥ፣ ካሜራው ውጭ ከሆነ አንቴና ከመጨመር 10 ሜትር ኬብል መዘርጋት ይሻላል።

ማታ ሁሉም ነገር ጭጋግ ይመስላል

የካሜራው ራሱ ብርሃን ተመልሶ ዓይኑ ውስጥ እየገባ ነው። መስታወቱን ከአቧራና ከሸረሪት ድር በለስላሳ ጨርቅ ያጽዱ። ክፈፉ ወይም ግድግዳው ምስሉ ጥግ ላይ ከታየ ካሜራውን ወደ ውጭ ያዙሩት። በበጋ የኮረኮንች መንገድ ዳር ያለ ካሜራ በየሁለት ሳምንቱ መወልወል አለበት።

ክረምት ሲገባ ይበላሻል

ካሜራው ራሱ ውሃ ይችላል፤ የማይችለው መገናኛው ነው። መገናኛውን ሳጥን ውስጥ ይክተቱ፤ ኬብሉም ሳጥኑ ውስጥ ከመግባቱ በፊት ወደ ታች ጎበጥ ብሎ ይውረድ፤ ውሃው እዚያ ይንጠባጠባል። ወደ አረንጓዴ የተለወጠ መገናኛ አይጸዳም፤ ተቆርጦ በአዲስ ይተካል።

የጠፋው ዕቃ በተባለው ሰዓት አይገኝም

ዘበኛው «ማክሰኞ ለረቡዕ አጥቢያ፣ ሌሊት 8 ሰዓት» ይላል። ባለቤቱ ሪከርደሩ ላይ ማክሰኞን ከፍቶ 08:00 ላይ ይፈልጋል፤ የሚያገኘው ጠዋት ሱቅ ሲከፈት ነው። ሪከርደሩ ቀን የሚቀይረው ሌሊት 6 ሰዓት ላይ ነው፤ ስለዚህ የሚፈለገው ረቡዕ 02:00 ነው። ለቀን ሰዓት 6 ይደምሩ፤ ከምሽቱ 1 እስከ 5 ላለው 18 ይደምሩ፤ ከሌሊቱ 6 እስከ 11 ላለው 6 ይቀንሱ።

ሰዓቱን በእኛ አቆጣጠር በእጅ መሙላት ግን ጥሩ አይደለም፤ ከኢንተርኔት ሰዓት ሲወስድ መልሶ ያጠፋዋል፣ ከስልኩም ጋር ይጣላል። የሰዓት ቀጠናውን ጂኤምቲ +3 ያድርጉ። በትክክል 5 ሰዓት የሚቀድም ሪከርደር ከፋብሪካ በመጣበት በጂኤምቲ +8 ላይ የቀረ ነው። መብራት በጠፋ ቁጥር ወደ አሮጌ ዓመተ ምሕረት የሚመለስ ደግሞ ውስጡ ያለው ሲአር 2032 ባትሪ አልቆበታል።

ቀኑ ጭራሽ ከሌለ ዲስኩ ተሽሮበታል። አራት ካሜራ በ2 ሜጋቢት በቀን 86 ጊጋባይት ይሞላል፤ 1 ቴራባይት የሚይዘው 11 ቀን ገደማ ነው። ኤች 265 የሚለውን (ምስሉን ይበልጥ አጭቆ የሚቀዳውን) መርጠው ቢትሬቱን፣ ማለትም በሰከንድ የሚቀዳውን መጠን፣ በግማሽ ከቀነሱ ቀኑ እጥፍ ይሆናል። ስርቆት በተሰማበት ዕለት ግን ማስተካከያውን ትተው ፍላሽ ይሰኩና ከተባለው ሰዓት አንድ ሰዓት በፊትና አንድ ሰዓት በኋላ ያለውን ከሁሉም ካሜራ ገልብጠው ያውጡ፤ ለፖሊስ የሚሰጠውን በአንድ ፍላሽ፣ የራስዎን በሌላ።