የታዳጊ ተጫዋቾችን ደረጃ እንዴት እናውጣ? ለጃን ሜዳ መልማዮች

ታዳጊዎች በሚጫወቱበት ሜዳ ዓይን ቀድሞ የሚያርፈው ረጅሙና ፈርጣማው ልጅ ላይ ነው። ደረጃ የሚያወጣ ሰው ግን አንድ ጥያቄ ይዞ ይቀመጥ፦ እኩዮቹ በቁመት ሲደርሱበት ይህ ልጅ ምን ይተርፈዋል?

ኳሱ ከመታየቱ በፊት ዕድሜ ይጣራል። ዓለም አቀፍ ውድድሮች የሚቆጥሩት ከጃንዋሪ 1 ነው፤ በእኛ ታኅሣሥ 23፣ አንዳንድ ዓመት 22። በ2026 እ.ኤ.አ. ከ17 ዓመት በታች ለመጫወት ከታኅሣሥ 23 ቀን 2001 ዓ.ም. ወዲህ መወለድ ያስፈልጋል። ብዙ መዝገብ የሚበላሸው እዚህ ላይ ነው። የልደት ዓመቱን ወደ እ.ኤ.አ. ለመቀየር ከመስከረም 1 እስከዚያ ቀን ዋዜማ ለተወለደ 7፣ ከዚያ ቀን ጀምሮ ለተወለደ 8 ይደመራል። ለሁሉም 8 የደመረ ሰው የጥቅምት 2001 ልጅን የማይገባው ምድብ ውስጥ ይከታል፤ ለሁሉም 7 የደመረ ደግሞ የሚያዝያውን ልጅ ያለ ጥፋቱ ያስወጣል። የእጅ አንጓ ኤምአርአይም (የአጥንትን ውስጥ የሚያሳይ የምስል ምርመራ) ቢሆን አንድ አቅጣጫ ብቻ ነው የሚያሳየው፦ የአጥንቱ ማደጊያ ሙሉ በሙሉ ከተዘጋ ልጁ 17ን ማለፉ በጣም ያመዝናል፤ ክፍት መሆኑ ግን ከ17 በታች ለመሆኑ ማስረጃ አይሆንም።

ቀጥሎ ቁመት። በየሦስት ወሩ ያለ ጫማ፣ ሁልጊዜ ጠዋት ይለካ፤ ማታ ሰው ጥቂት ያጥራል። የአባትና የእናት ቁመት ተደምሮ፣ 13 ሴንቲሜትር ታክሎ ለሁለት ሲካፈል ወንድ ልጅ የሚደርስበትን ግምት ይሰጣል። ወንዶች በፍጥነት የሚረዝሙት በአማካይ 14 ዓመት ገደማ ነው፤ በዚያ ወቅት እግር ከአእምሮ ትእዛዝ ይዘገያል፣ ንክኪም ይበላሻል። እንዲህ ያለውን ልጅ ከዝርዝሩ መሰረዝ ትልቅ በደል ነው፤ ውሳኔው ለስድስት ወር ይቆይ።

ሜዳ ላይ ከግቡ ጀርባ ሳይሆን መሃል መስመሩ አጠገብ፣ ከተቻለ ከፍ ያለ ቦታ ይቆሙ። ለ15 ደቂቃ አንድ ልጅ ብቻ ይዩ፣ ኳሱን ይርሱት። ኳስ ሳትደርሰው ስንት ጊዜ ዞር ብሎ ያያል? የመጀመሪያ ንክኪው ኳሷን ወደ ክፍት ቦታ ይወስዳታል ወይስ እግሩ ሥር ይገድላታል? ኳስ ከተነጠቀ በኋላ ባሉት አምስት ሰከንዶች ምን ያደርጋል? ጎል ያገባ ልጅ ሌላውን ሁሉ ይሸፍናል፣ ስለዚህ ጎሉ በመጨረሻ ይጻፍ። ሜዳው ወጣ ገባ በሆነበት ቀን ያመለጠ ንክኪ ሁሉ የልጁ ጥፋት አይደለም፤ ቢያንስ ሦስት ጨዋታ ይታይ። ከድሬዳዋ የመጣ ልጅ በአዲስ አበባ ከፍታ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ቶሎ ይደክማል፤ ትንፋሹ ከሁለት ሦስት ሳምንት በፊት ነጥብ አይሰጠው።

ለፍጥነት 30 ሜትር ያስሩጡ፤ የ10 ሜትሩም ሰዓት ለብቻው ይያዝ። በእጅ የተያዘ ሰዓት ከኤሌክትሮኒኩ 0.2 ሰከንድ ያህል ያፈጥናል፤ ሁለቱን በአንድ ሠንጠረዥ አትቀላቅሉ።

ለነጥብ የቤዝቦል መልማዮች ከ20 እስከ 80 ያለው መለኪያ ምቹ ነው፤ 50ን የፕሪሚየር ሊጋችን አማካይ ተጫዋች እናድርገው። ለንክኪ፣ ለቅብብል፣ ለእይታ፣ ለፍጥነትና ለአየር ኳስ ሁለት ሁለት ቁጥር ይጻፋል፦ ዛሬ ያለበትና በ22 ዓመቱ ይደርስበታል የሚባለው። የ15 ዓመት ልጅ ዛሬ 25 ቢያገኝ አያስደንግጥ። ሁለት መልማዮች ሳይነጋገሩ ይጻፉ፤ በ10 ከተለያዩ ልጁ እንደገና ይታይ። ድምሩን ብቻ አትከተሉ፤ በአንድ ነገር 60 የሚደርስ ልጅ በሁሉም 45 ከሆነው ይቀድማል፣ ክለብ የሚያጣው እንዲህ ያለውን ነውና።

ሲደረደሩ መጀመሪያ በሦስት ምድብ ይከፈሉ፣ ቁጥሩ በኋላ ይምጣ። በ8ኛውና በ12ኛው መካከል ያለው ልዩነት ብዙ ጊዜ የአንድ ጨዋታ ዕድል ነው። ግብ ጠባቂዎች ዘግይተው ስለሚበስሉ የራሳቸው ዝርዝር ይኑራቸው፤ እነሱን ከአጥቂ ጋር ማወዳደር ሁለቱንም ያበላሻል።