ሕፃኑ ሳያለቅስ የሚነግራችሁ

አዲስ ወላጆች፣ ልጁ እስኪያለቅስ አትጠብቁ። ለቅሶ የረሃብ የመጨረሻ ምልክት ነው። ከዚያ በፊት አፉን ይከፍታል፤ ጉንጩን ስትነኩት ወደ ነካችሁት በኩል ይዞራል፤ እጁን አፉ ውስጥ ከትቶ ይጠባል። ያኔ ጡት ስጡት። ለቅሶ ከጀመረ ግን መጀመሪያ ደረታችሁ ላይ አድርጋችሁ አባብሉት፤ እየጮኸ ጡት መያዝ ይከብደዋል።

እኛ ጅማ አራስ ቤት ጠያቂ አይጠፋም። ቡናው ይፈላል፣ እጣኑ ይጨሳል፣ ልጁ ከእቅፍ ወደ እቅፍ ይዞራል። ፊቱን ካዞረ፣ ጣቶቹን ከበተነ፣ ጀርባውን ወደ ኋላ ከለጠጠ ደክሞታል። «እማማ፣ ቅር አይበልዎ፣ ትንሽ ይረፍ» ብላችሁ ተቀበሏቸውና ጭስ ወደሌለበት ክፍል ውሰዱት።

ለመጥባት እንኳ አልነቃ ካለ ወይም ሰውነቱ ከዛለ ግን ሳትውሉ ሳታድሩ ጤና ጣቢያ ውሰዱት።