የእንሰቱ ልብ ከጠወለገ ምን ላድርግ?

ጓሮ ስትገቡ ከእንሰቱ መሃል ያለው አዲሱ ቅጠል ጫፉ ቢጫ ሆኖ እጥፍ ካለ፣ የውጪዎቹ ግን ገና አረንጓዴ ከሆኑ፣ ውሃ ጠምቶት ነው ብላችሁ እንዳታልፉት። ድርቅ ሲሆን መጀመሪያ የሚደርቁት የውጪዎቹ አሮጌ ቅጠሎች ናቸው፣ ፍልፈል በልቶት ከሆነ ደግሞ ስትገፉት ይነቃነቃል፣ ስሩን ስትቆፍሩም የተበላው አሚቾ፣ መሬት ውስጥ ያለው ወፍራም ክፍሉ፣ ይታያል።

ለማረጋገጥ የቅጠሉን ግንድ ቆርጣችሁ ትንሽ ጠብቁ፤ ቢጫማ ዝልግልግ ፈሳሽ ጠብ ካለ በቃ አጠውልግ የሚባለው በሽታ ነው። በዛ ቢላ ሌላ እንሰት እንዳትነኩ በናታችሁ!

ምክንያቱ ዛንቶሞናስ የሚባል ባክቴሪያ ነው። እኛ ሀገር እንሰት ላይ በ1968 እ.ኤ.አ. ተመዝግቧል፣ ሙዝንም ይይዛል፣ በ2001 ኡጋንዳ ገብቶ የሙዙን እርሻ አውድሟል። የሚያድን መድኃኒት የለውም፣ ስለዚህ ያለን አማራጭ እንዳይዛመት ማገድ ብቻ ነው።

እንዴት ይገባል? በብዛት በቢላ። እናቴ ጓሮ የታመመው አንድ እንሰት ብቻ ነበር፣ ለዳቦ ኮባ ስንቆርጥ ከሱ ጀምረን በዛው ቢላ ተራውን ሄድን፣ ከወራት በኋላ የጠወለጉት ልክ በቆረጥንበት መስመር ያሉት ናቸው፣ የስንት ዓመት ልፋት፣ ዛሬም ሳስበው ያመኛል። ሌላው ችግኝ ነው፣ የታመመ እናት አሚቾ ተቀብሮ የሚወጣው ችግኝ ጤነኛ ሊመስል ይችላል፣ ገበያ ሄዶ ሌላ ወረዳ ይዞት ይገባል። ከብትም የታመመውን በልታ ጤነኛውን ስትነካ ታስተላልፋለች።

መፍትሄው፦ የታመመውን ከነአሚቾው ነቅላችሁ ራቅ ያለ ቦታ ጥልቅ ጉድጓድ ቆፍራችሁ ቅበሩት፣ ለከብት አትስጡ፣ መንገድ ላይም አትጣሉ። ቢላውንና መቆፈሪያውን እሳት ላይ በደንብ አግሉት ወይም በረኪና ውስጥ ንከሩት፣ ይሄ ከእያንዳንዱ እንሰት በኋላ ነው እንጂ ማታ አንዴ አይደለም። ቦታው ላይ ቢያንስ ግማሽ ዓመት እንሰትም ሙዝም አትትከሉ፣ ጎመን ወይ በቆሎ ይሆናል። ከብት አጥር ውስጥ አታስገቡ። ችግኝ በሽታው ከታየበት ሰፈር የዘመድም ቢሆን አትቀበሉ፣ ለቀበሌው የግብርና ባለሙያም ቶሎ ንገሩ ጎረቤትም እንዲጠነቀቅ።

ከውጭ ሀገር የሙዝ ችግኝ በሻንጣ ልታመጡ ያሰባችሁም ካላችሁ ተዉት፣ በ1992 እ.ኤ.አ. በወጣው የዕፅዋት ኳራንቲን ደንብ መሰረት ችግኝ የሚገባው አስቀድሞ በወጣ ፈቃድና ከመጣበት ሀገር በተሰጠ የጤና ሰርቲፊኬት ነው።