ሳትሸመድዱ ለጃቫ ሰርተፍኬት ፈተና እንዴት ትዘጋጃላችሁ

የመጀመሪያውን ፈተና ስወስድ 62 በመቶ አመጣሁ። ማለፊያው 68 ነበር። ጥያቄዎቹ 50 ስለነበሩ የወደቅኩት በ3 ጥያቄ ነው። ያበገነኝ ግን መውደቄ ብቻ አልነበረም። ከዚያ በፊት በነበረው ሳምንት በመለማመጃ ፈተናዎች ላይ ከ90 በታች አላየሁም። በዚያ ላይ ጃቫ ጠዋት ገብቼ ማታ እስክወጣ የምጽፍበት የፕሮግራም ቋንቋ ነው። አምስት ዓመት የሠራሁበትን ነገር ተፈትኜ መውደቄ ለባልደረቦቼ ለመናገር ራሱ ከበደኝ።

ሁለተኛው ዙር ላይ አለፍኩ። ከዚህ በታች ያለው በሁለተኛው ዙር ያደረግኩት ነው። የሚሠራው ምርጫ ላላቸው የኮድ ፈተናዎች ነው። እንደ ኩበርኔቲስ (ሰርቨሮች ላይ ፕሮግራሞችን የሚያስተዳድር ሶፍትዌር) አስተዳዳሪ ፈተና ተርሚናል ላይ ቁጭ ብላችሁ፣ ትእዛዝ እየጻፋችሁ ችግር የምትፈቱበት ዓይነት ከሆነ ሌላ ዝግጅት ይፈልጋል፤ እዚያ ዋናው የእጅ ፍጥነት ነው።

1. ፈተናውን ምረጡ፣ ቀኑን ቁረጡ

ሥራ ላይ የምትጠቀሙበትን ወይም ለእሱ የሚቀርበውን የጃቫ ስሪት ምረጡ። ጃቫ 17 የወጣው መስከረም 2021 ነው፤ ጃቫ 21 ደግሞ መስከረም 2023። ሁለቱም ረጅም ድጋፍ ያላቸው ናቸው፣ ለየራሳቸውም ፈተና አላቸው። ጓደኛችሁ የሰጣችሁን የጃቫ 8 መጽሐፍ ይዛችሁ ለ17 እንዳትቀመጡ። ከ8 በኋላ ቋንቋው ላይ የተጨመሩት የሉበትም፤ ሪከርድ የለበትም፣ ቴክስት ብሎክ የለበትም፣ አዲሱ የስዊች አጻጻፍም የለበትም።

ቀን ካልቆረጣችሁ እያጠናችሁ አይደለም። እኔ አንድ ዓመት ሙሉ «እያጠናሁ ነው» ስል ነበር። ሥራ ላለው ሰው በቀን አንድ ሰዓት ከሆነ 10 ወይም 12 ሳምንት ይበቃል። ስትመዘገቡ ስማችሁ መታወቂያችሁ ላይ እንዳለው መሆኑን እዩ።

2. የርዕሶቹን ዝርዝር አትማችሁ ምልክት አድርጉ

ፈተናው የሚሸፍናቸው ርዕሶች ይፋ የሆነ ዝርዝር አላቸው። እያንዳንዱ ርዕስ አጠገብ ከሦስት አንዱን ጻፉ፦ «ለሰው ማስረዳት እችላለሁ»፣ «አይቼዋለሁ»፣ «አላውቀውም»። ልምድ ያለን ሰዎች እዚህ ላይ ራሳችንን እንሸውዳለን። ሞጁሎች (ኮድን በክፍል በክፍል የሚያደራጁት) ጃቫ ውስጥ የገቡት በ2017፣ ከጃቫ 9 ጋር ነው። እኔ ግን በእጄ አንድም የሞጁል ፋይል ጽፌ አላውቅም ነበር። ሥራ ላይ የምንነካው የቋንቋውን ትንሽ ጥግ ነው። ፈተናው ደግሞ ጥግ አይመርጥም።

3. መሣሪያ አታብዙ

አንድ መጽሐፍ፣ አንድ ጥሩ የጥያቄ ስብስብ፣ አንድ ደብተር፤ በቃ። ቪዲዮ ማየት የሚያጠኑ ያስመስላል እንጂ፣ እኔን ቢያንስ፣ ያስተኛኛል።

ኮድ የምትጽፉበትን ብልጥ ፕሮግራም ለጥናት ሰዓት ዝጉት። ይሄንን ስል ብዙ ሰው ይስቃል። ግን አስቡት፤ ፈተናው ደጋግሞ የሚጠይቃችሁ «ይሄ ኮድ ኮምፓይል ያደርጋል ወይ?» ብሎ ነው፤ ማለትም ኮምፓይለሩ ኮዱን ያለ ስህተት ተቀብሎ ይተረጉመዋል ወይ። ለዓመታት ይህን ጥያቄ ሲመልስላችሁ የኖረው ያ ብልጥ ፕሮግራም ከስህተት ሥር የሚያሰምረው ቀይ መስመር ነው። ተራ የጽሑፍ ፕሮግራም ላይ ጻፉ፣ መልሱን በቃላችሁ ወስኑ፣ ከዚያ ከትእዛዝ መስመር ኮምፓይል አድርጉ። ጄሼል የሚባለው፣ ኮድ ቁራጭ በቁራጭ የሚያስኬደው የጃቫ መሣሪያም ለፈጣን ሙከራ ይመቻል፤ ለኮምፓይል ጥያቄ ግን አትመኑት። የዘነጋችሁትን የመስመር መዝጊያ ሴሚኮለን (;) ራሱ ይሞላላችኋል፣ ክላስም አይጠይቃችሁም። ፈተናው እንደዚያ ደግ አይደለም።

4. የስህተት ደብተር (እኔ የወደቅኩት እዚህ ጋ ነው)

በመጀመሪያው ዙር አራት የመለማመጃ ፈተናዎች ነበሩኝ። እነሱኑ እየደጋገምኩ ሠራሁ። ውጤቴ 61፣ ከዚያ 74፣ ከዚያ 88፣ ከዚያ 93 እያለ ወጣ። ደስ አለኝ። ነገሩ ግን ሽምደዳ ነበር። ጥያቄውን ገና ሳልጨርስ «አሃ፣ ይቺ የባቡሯ ኮድ ናት፣ መልሷ ሦስተኛው ነው» እል ነበር። ጥያቄዎቹን በመልክ ነበር የማውቃቸው። የባቡሯ ኮድ እውነተኛው ፈተና ላይ የመርከብ ስትሆንብኝ ጨለመብኝ።

ሮዲገር እና ካርፒኪ የተባሉ ሁለት የሥነ ልቦና ተመራማሪዎች በ2006 ያሳተሙት ጥናት አለ። ተማሪዎች አንድ ጽሑፍ አነበቡ። ከፊሎቹ ደግመው አነበቡት፣ ከፊሎቹ ደግሞ ጽሑፉን ዘግተው ያስታወሱትን ጻፉ። ከ5 ደቂቃ በኋላ ሲፈተኑ ደግመው ያነበቡት በለጡ። ከሁለት ቀንና ከሳምንት በኋላ ሲፈተኑ ግን የበለጡት ከራሳቸው አውጥተው የጻፉት ናቸው። እኔ ራሴን እየፈተንኩ ነው ብዬ ሳስብ ደግሜ እያነበብኩ ነበር ማለት ነው። ልዩነቱ የገባኝ ገንዘቤን ከከፈልኩ በኋላ ነው።

ደብተሩ እንዲህ ይሠራል። የተሳሳታችሁትን እያንዳንዱን ጥያቄ፣ በግምት ያገኛችሁትንም ጭምር፣ ትመዘግባላችሁ። በግምት የተገኘ መልስ ስህተት ነው፤ እዚህ ላይ ለራሳችሁ አትራሩ። ጥያቄውን ግን አትገልብጡት። የምትጽፉት መጀመሪያ ምን መስሏችሁ እንደተሳሳታችሁ ነው። ቀጥሎ ደንቡን በራሳችሁ አንድ ሁለት ዓረፍተ ነገር። ከዚያ የቀሩት ምርጫዎች እያንዳንዳቸው ለምን ስህተት እንደሆኑ። መጨረሻ ላይ ደንቡን የሚፈትን፣ እናንተው የፈጠራችሁት ትንሽ ኮድ።

በምሳሌ ላሳያችሁ። ሁለት ኢንቲጀር ቫሪያብሎች አሉ እንበል፤ ተራ ቁጥር የሚይዘው ኢንት (int) ሳይሆን ቁጥሩን ኦብጀክት አድርጎ የሚይዘው ኢንቲጀር (Integer)። ሁለቱም ላይ 127 አስቀመጣችሁ። በ == ስታወዳድሯቸው «እውነት» ይላችኋል። ሁለቱንም 128 አድርጓቸው፤ «ሐሰት» ይላችኋል። በመጀመሪያው ዙር ይህን ሳገኝ ደብተሬ ላይ የጻፍኩት «127 እውነት፣ 128 ሐሰት። ተጠንቀቅ!» የሚል ነበር። ከሳምንት በኋላ ሌላ የመለማመጃ ጥያቄ በ-129 መጣ፤ ሳትኩት። ሌላው ደግሞ አንዱን ወገን ኢንት አድርጎት መጣ፤ እሱንም ሳትኩት። «ተጠንቀቅ» ብዬ ምንን እንደምጠነቀቅ አልጻፍኩም ነበር።

በሁለተኛው ዙር የጻፍኩት ይሄን ነው፦ «ተራ ቁጥር ኢንቲጀር ላይ ሲቀመጥ ጃቫ ወደ ኦብጀክት ይቀይረዋል። ከ-128 እስከ 127 ላሉት ቁጥሮች ቀድሞ የተዘጋጀ ኦብጀክት ስላለ ሁሉም ያንኑ ይጋራሉ። ከዚያ ውጭ ላሉት አዲስ ይሠራል። == ኦብጀክቶችን ሲያወዳድር የሚያየው አንድ ዕቃ መሆናቸውን ነው እንጂ ዋጋቸውን አይደለም። አንዱ ወገን ኢንት ከሆነ ግን ሌላው ወደ ኢንት ይወርድና ዋጋ ለዋጋ ይወዳደራሉ።» ይህን ከጻፍኩ በኋላ -128፣ -129፣ ኢንት ከኢንቲጀር፣ ሁሉም ያው አንድ ጥያቄ ሆኑ።

የቀሩትን ምርጫዎች ማስረዳት ደግሞ ሌላ በር ይከፍታል። ከምርጫዎቹ አንዱ «ሲሠራ ኤክሴፕሽን ይወረውራል» የሚል ነበር፤ ኤክሴፕሽን ኮዱ እየሠራ ሳለ የሚነሳ ስህተት ነው። ለምን ስህተት እንደሆነ ልጽፍ ስል ቆም አልኩ። መቼ ነበር ትክክል የሚሆነው? ኢንቲጀሩ ነል (ምንም ኦብጀክት የሌለበት) ሆኖ ሌላው ወገን ኢንት ቢሆን። ነሉን ወደ ኢንት ላውርድ ሲል ይፈነዳል። ይሄንን ማንም አልጠየቀኝም፤ ከስህተት ምርጫ ላይ ያገኘሁት ነው።

የጻፋችሁትን በማግስቱ፣ ከ3 ቀን በኋላ፣ ከሳምንት በኋላ፣ ከሁለት ሳምንት በኋላ ተመለሱበት። ደንቡን በወረቀት ሸፍኑና ድምፅ አውጥታችሁ በሉት። አንኪ የሚባለው የካርድ ፕሮግራም ቀኑን ራሱ ያስታውሳችኋል፤ ብዙዎች ይወዱታል። እኔ ካርዱን በማሳመር ሰዓቴን ስለምጨርስ ወረቀት ይሻለኛል።

5. ሰው ፈልጉ

ብቻዬን ሳጠና ራሴን የሚያርመኝ አልነበረም። ሦስት ወይም አራት ሆናችሁ ተሰብሰቡ፤ ከዚያ ከበዛ ግማሹ ዝም ብሎ አዳማጭ ይሆናል። ፈተናው አንድ ዓይነት፣ ቀኑም ተቀራራቢ ይሁን። በሳምንት አንድ ጊዜ፣ አንድ ሰዓት። እያንዳንዱ ሰው ከደብተሩ አንድ ኮድ ይዞ ይመጣል። አንድ ሕግ ብቻ አለ፦ ሁሉም መልሱንና ምክንያቱን ጽፎ ሳያስቀምጥ ኮዱን ማንም አያስኬድም። ይህ ሕግ ከሌለ ፈጣኑ ሰው ይመልሳል፣ ሌላው «እኔም እንደዚያ ነበር ያሰብኩት» ይላል።

አንድ ቀን፣ የሊስትን ዕቃዎች አንድ በአንድ ስለሚያየው ፎር ኢች ስለሚባለው ዙር ስናወራ፣ በሙሉ ልብ «በፎር ኢች ዙር ውስጥ ከአሬይ ሊስት ላይ ዕቃ ካስወጣችሁ ሁልጊዜ ኤክሴፕሽን ይመጣል» አልኩ። ከእኛ ሁሉ በልምድ የምታንሰው ልጅ «ሁልጊዜ?» አለችኝ። «ሁልጊዜ!» አልኳት። ሦስት ዕቃ ያለበት ሊስት ጻፈች፣ ዙሩ ሁለተኛው ላይ ሲደርስ እሱኑ አስወጣች፣ አስኬደችው። ኮዱ ጸጥ ብሎ አለቀ። ፊቴ ቀላ። ምክንያቱ ቀላል ነው፤ ሁለተኛው ሲወጣ የሊስቱ መጠን 2 ይሆናል፣ ዙሩም የሄደው ሁለት እርምጃ ነው። ሁለቱ ቁጥሮች እኩል ስለሆኑ ጨረስኩ ብሎ ይወጣል፤ ሦስተኛውን ዕቃ ሳያየው። ሥራ ላይ ቢያጋጥም ደግሞ ይሄ ከኤክሴፕሽኑ የባሰ ነው፤ ምንም አይጮህም። ከዚያ ቀን ወዲህ «ሁልጊዜ» የሚለውን ቃል ስጠቀም እሷ ትታየኛለች።

ከትንሿ ቡድን ውጭ ባለው ሰፊ ማኅበረሰብ ስትጠይቁ «ኮዴ አልሠራ አለኝ፣ እርዱኝ» አትበሉ። ኮዱን እስከ 10 መስመር ቁረጡት። ምን ጠብቃችሁ ምን እንዳገኛችሁ ጻፉ። የጃቫውን ስሪት ጨምሩ። እኔ ግማሹን ጥያቄዬን ሳልልከው መልሱን አግኝቻለሁ፤ እየቆረጥኩ ሳለ ጥፋቱ ራሱ ብቅ ይላል። የሌሎችንም ጥያቄ መልሱ፤ ግን መጀመሪያ ኮምፓይል አድርጉ፣ ከዚያ ተናገሩ።

እና ደግሞ፣ ከእያንዳንዱ ቡድን ውስጥ «የእውነተኛው ፈተና ጥያቄዎች» ብሎ ፋይል የሚወረውር አንድ ሰው አይጠፋም። እለፉት። ስትፈተኑ የምትስማሙበት ውል ይከለክለዋል፣ ከተደረሰባችሁም ሰርተፍኬታችሁን ልታጡ ትችላላችሁ። ሌላው ቢቀር መልሶቹም አይታመኑም። አንድ ጊዜ ከጉጉት የተነሳ ከፈትኩት። መጀመሪያው ገጽ ላይ ያለውን አንድ «መልስ» ኮምፓይለሩ በሁለት ደቂቃ ውስጥ ውድቅ አደረገው።

6. የመጨረሻዎቹ ሁለት ሳምንታት

አንድ የመለማመጃ ፈተና ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ሳትነኩት አስቀምጡ። አሁን አውጡት። ሰዓት ይዛችሁ፣ ሳትነሱ፣ አንድ ጊዜ ብቻ ሥሩት። እውነተኛው ውጤታችሁ ይሄ ነው። ማለፊያው 68 ከሆነ ከ78 በታች ካመጣችሁ ቀኑን ማራዘም ይሻላል።

የጃቫ 17ን ስፈተን 50 ጥያቄ በ90 ደቂቃ ነበር። ለአንድ ጥያቄ 1 ደቂቃ ከ48 ሰከንድ ማለት ነው። ስለዚህ ኮዱን ከማንበባችሁ በፊት ምርጫዎቹን እዩ። «ኮምፓይል አያደርግም» የሚል ካለ ኮዱ ምን እንደሚያትም ለመቁጠር አትቸኩሉ። መጀመሪያ የቫሪያብሎቹን ዓይነት እዩ፣ የጎደለ ሪተርን (መልስ መመለሻ መስመር)፣ መቀየር ሳይገባው ዋጋው የተቀየረ ፋይናል ፈልጉ። ረጅም ኮድ ካስጨነቃችሁ ምልክት አድርጋችሁ እለፉት።

7. የፈተናው ዕለት

ከቤት የምትፈተኑ ከሆነ ጠረጴዛው ባዶ ይሁን፣ ሁለተኛ ስክሪን ካለ ንቀሉት፣ ስልኩ እጃችሁ የማይደርስበት ቦታ ይቀመጥ። ክፍሉን በካሜራ አሳዩ ትባላላችሁ።

ማንም ያልነገረኝ አንድ ነገር አለ። እኔ ኮድ ሳነብ ከንፈሬ ይንቀሳቀሳል። ሦስት ወር ሙሉ ደንቦቹን ድምፅ እያወጣሁ ስላጠናሁ ጭራሽ ብሶብኝ ነበር። አስረኛው ጥያቄ ላይ ስክሪኑ ላይ መልእክት ብቅ አለ፦ እባክዎ ከንፈርዎን እያንቀሳቀሱ አያንብቡ፣ ከደገሙ ፈተናው ይቋረጣል። ደነገጥኩ። ቀሪውን ፈተና ጥርሴን ነክሼ ነው የጨረስኩት፤ መንጋጋዬ እስከ ማታ ሲያመኝ ዋለ። በመጨረሻው ሳምንት ዝም ብሎ ማንበብን ተለማመዱ።

ውጤቱ 84 ነበር። ሪፖርቱ የሳትኳቸው ጥያቄዎች ከየትኞቹ ርዕሶች እንደሆኑ ይዘረዝራል። አንደኛው ሞጁል ነው። ደብተሬን አውጥቼ ጻፍኩት፣ አርብ ለቡድኑ ይዤው ሄድኩ።