«ቅባቴ ተበላሸ» ከማለታችሁ በፊት

ባለፈው ሚያዝያ የጎረቤቴ ልጅ አንድ ጣሳ የሺአ ቅቤ (ከሺአ ዛፍ ፍሬ የሚወጣ የቆዳና የፀጉር ቅባት) ይዛ መጣች። «ተሸወድኩ! ዱቄት ቀላቅለው ነው የሸጡልኝ» አለች። ከፍቼ አየሁት። እውነትም ቅንጬ ይመስላል። ትንሽ ቆንጥሬ መዳፌ ላይ ሳሸው ግን ቅንጣቷ ሁሉ ቀልጣ ጠፋች። ዱቄት እንዲህ አይቀልጥም። ነጋዴው ምንም አላጠፋም። ያጠፋው ፀሐይ የሚገባበት መስኮቷ ነው።

በዚያው ሰሞን እኔ ደግሞ ፍሪጅ ውስጥ ያቆየሁትን የእሬት ጄል ተቀባሁ። መልኩ አልተለወጠም፣ ሽታም አልነበረውም። በማግስቱ ጉንጬ ችፍ ብሎ አደረ። ለካ ጄሉ ሦስት ሳምንት አልፎታል። በመሃል መብራት ሁለት ቀን ጠፍቶም ነበር።

ከዚያ ወዲህ «ይሄ ነገር ተበላሽቶ ይሆን?» ብሎ ለሚጠይቀኝ ሁሉ መጀመሪያ የምመልሰው በጥያቄ ነው። ውስጡ ውሃ አለበት ወይስ የለበትም? ንጹህ ዘይት፣ ሺአ፣ ሰም ውሃ የላቸውም። እነዚህ ብዙ ጊዜ ሰው ያስደነግጣሉ እንጂ አይጎዱም። እሬት፣ የተልባ ጄል፣ የሩዝ ውሃ፣ ቤት የተሠራ ክሬም ግን ውሃ አለባቸው። እነዚህ ሳያስደነግጡ ነው የሚጎዱት።

«አሸዋ አሸዋ ይላል»

ሺአ ውስጥ ያለው ቅባት አንድ ዓይነት አይደለም። አንዱ ቶሎ ይረጋል፣ ሌላው ይዘገያል። ጎንደር በመጋቢትና በሚያዝያ ቀኑ ወደ 30 ዲግሪ ይጠጋል፣ ሌሊቱ ግን ቀዝቀዝ ይላል። መስኮት ላይ የተቀመጠ ጣሳ ቀን ይቀልጣል፣ ሌሊት ቀስ እያለ ይረጋል። ቀስ ሲል ጠንካራው ቅባት ቀድሞ ለብቻው ይሰባሰብና ፍሬ ፍሬ ይሠራል።

ማስተካከሉ ቀላል ነው። ሺአውን ደረቅ ብርጭቆ ውስጥ ጨምሩና ብርጭቆውን ሙቅ ውሃ ባለበት ድስት ውስጥ አቁሙት። በቀጥታ እሳት ላይ አይጣድ። ፍሬው አንድም ሳይቀር እስኪጠፋ ይቅለጥ። ከዚያ ቶሎ ማቀዝቀዝ ነው፤ ወይ ፍሪጅ ውስጥ፣ ወይ ቀዝቃዛ ውሃ ባለበት ሳፋ ውስጥ እያማሰሉ። ውሃ ወደ ብርጭቆው እንዳይፈናጠቅ ብቻ ተጠንቀቁ። ይህን ሁሉ ማን ያደርገዋል ካላችሁም እንዳለ ተቀቡት።

የኮኮናት ዘይትም ሰው ያደናግራል። የሚቀልጠው በ24 ዲግሪ አካባቢ ነው። ሚያዝያ ላይ ከሰዓት እንደ ውሃ ይፈስሳል። በጥምቀት ሰሞን ጠዋት ደግሞ እንደ ሻማ ድርቅ ብሎ ታገኙታላችሁ። የተለወጠው አየሩ ነው።

«ስከፍተው ፊቴ ላይ ተረጨ»

ይህ ከባሕር ዳርቻ አገር የተላከ ዕቃ ጠባይ ነው። ጎንደር ከባሕር ጠለል በላይ 2,100 ሜትር ገደማ ላይ ናት። የአየር ግፊቷ ዱባይ ወይም ጅቡቲ ካለው በአንድ አምስተኛ ያህል ያንሳል። እዚያ ታች የታሸገ አየር እዚህ ሲደርስ ይለጠጥና ቱቦውን ይነፋዋል። ከመተማና ከሁመራ ቆላ የመጣ ዕቃም በመጠኑ እንዲሁ ያደርጋል። ቱቦውን አፉን ወደ ላይ አድርጋችሁ፣ ጨርቅ ሸፍናችሁ፣ ክዳኑን ቀስ ብላችሁ አላሉት። ይተነፍስና ያበቃል።

እዚሁ ተከፍቶ ስትጠቀሙበት የከረመ ብልቃጥ እንደገና ካበጠ ግን ነገሩ ሌላ ነው። ውስጡ ጋዝ የሚሠራ ተዋሲያን ገብቷል ማለት ነው። ጣሉት።

«ዘይቱ ሽታው ተለወጠ»

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ብዙ ገንዘብ የሚባክነው በዚህ ነውና።

ዘይት የሚበላሸው በሦስት ነገር ነው፤ በአየር፣ በብርሃን፣ በሙቀት። ሲበላሽ ብዙ ጊዜ አይሻግትም። ይጎመዝዛል። ሽታው የቆየ የመጥበሻ ዘይት ወይም የልጆች የሰም እርሳስ ይመስላል። እንዲህ የሆነ ዘይት ቆዳ ያስቆጣል፣ ተመልሶም አይድንም። ሽቶ ጠብ ቢደረግበት፣ በአደስ ቢታጠን ሽታውን ይሸፍነዋል እንጂ አያድነውም።

ሁሉም ዘይት እኩል አይቆይም። ቶሎ የሚሄደው የተልባ ዘይት ነው። ኑግም ብዙ አይታገሥም። የኮኮናትና የጉሎ ዘይት ጠንካሮች ናቸው። ሰሊጥ ደግሞ በውስጡ ራሱን ከአየር የሚከላከልበት ነገር ስላለው ከኑግ ይሻላል። ከሁመራ በኩል ሰሊጥ በሚጎርፍበት ከተማ እየኖርን ለፊታችን ከሩቅ አገር የመጣ ዘይት የምንፈልግበት ምክንያት አንዳንዴ አይገባኝም። ለማንኛውም።

ጥቁር አዝሙድ ላይ ጥንቃቄ አለ። ዘይቱ ከመጀመሪያውም ይከረፋል። ስለዚህ ያልነበረ ሽታ መጣ አልመጣ ለመለየት፣ በተገዛበት ቀን ማሽተትና ማስታወስ ያስፈልጋል። እኔ የማደርገው ብልቃጡ ላይ ፕላስተር ለጥፎ የተከፈተበትን ቀን መጻፍ ነው። በፋብሪካ ምርት ላይ ደግሞ ክዳኑ የተከፈተ የጣሳ ሥዕል ፈልጉ። ውስጡ 6 ወይም 12 የሚል ቁጥር አለ። ከተከፈተ በኋላ ስንት ወር እንደሚቆይ ነው የሚናገረው። ጀርባው ላይ የታተመው ቀን ግን በፈረንጅ አቆጣጠር መሆኑን አትርሱ። እናቴ አንድ ጊዜ ቀኑን በእኛ ቆጥራ ያለፈበትን ሎሽን «ገና ሰባት ዓመት ይቀረዋል» ብላ አስቀምጣ ነበር።

መፍትሄው ከቦታና ከዕቃ ነው የሚጀምረው። ከገበያ በሃይላንድ ተቀድቶ የመጣ ዘይት እቤት እንደገባ ወደ ቡናማ ጠርሙስ ይገልበጥ። ባዶ የሽሮፕ ብልቃጥ ለዚህ ግሩም ነው። ትንንሽ ብልቃጦች ከአንድ ትልቅ ይሻላሉ፤ ግማሹ ባዶ የሆነ ትልቅ ጠርሙስ ግማሹ አየር ነው። ቦታው የቁም ሣጥን የታችኛው መደርደሪያ ይሁን። ምድጃ አጠገብ አይሆንም። የፍሪጅ አናትም ሙቀት አለው። መስኮት ላይ ተደርድሮ ያማረ ብልቃጥ ለፎቶ እንጂ ለቆዳ አይደለም።

ብልቃጡን ስታጸዱ ደግሞ አንድ የደጋ ጉዳይ አለ። ጎንደር ላይ ውሃ የሚፈላው በ93 ዲግሪ አካባቢ ነው፣ 100 አይደርስም። ስለዚህ ጠርሙሱን ከቀዝቃዛ ውሃ ጋር ጣዱትና ከፈላ በኋላ ሩብ ሰዓት ይቆይ። ከዚያ ንጹህ ጨርቅ ላይ በአፉ ደፍታችሁ ሙሉ በሙሉ አድርቁት። ሙሉ በሙሉ።

«ነጭ፣ አረንጓዴ ወይም ጥቁር ነገር አብቅሏል»

ሻጋታ ነው። ከላይ ጠርጎ ከታች መጠቀም የለም። የሚታየው ክፍል ጫፉ ነው፣ ሥሩ ወደ ውስጥ ገብቷል። ጣሉት፣ ብልቃጡን ቀቅሉት።

ከየት መጣ? አብዛኛውን ጊዜ ከእርጥብ ጣት። ፊት ታጥባችሁ፣ ሳትደርቁ፣ ጣሳው ውስጥ ጣት ትሰዳላችሁ። ውሃው ከበርሜል የተቀዳ ከሆነ ደግሞ የበርሜሉንም እንግዳ ይዞ ይገባል። በክረምት፣ በሐምሌና በነሐሴ፣ ልብስ እንኳ ሦስት ቀን ሳይደርቅ በሚውልበት ጊዜ፣ ገላ መታጠቢያ ቤት የተቀመጠ ክሬም በእንፋሎቱ ብቻ ክዳኑ ሥር ጤዛ ይሠራል። ስለዚህ ደረቅ ማንኪያ፣ ደረቅ እጅ፣ ከመታጠቢያ ቤት ውጭ። አንዲት ትንሽ የአይስክሬም ማንኪያ አጥባችሁ፣ አድርቃችሁ ጣሳው አጠገብ አኑሩ።

«ቫይታሚን ኢ ጨምሬበት ነበር እኮ» የሚል ሰው አይጠፋም። ቫይታሚን ኢ ዘይቱ በአየር እንዳይጎመዝዝ ያግዛል። ሻጋታና ባክቴሪያ ግን አይከለክልም። ሎሚ መጭመቅም ብልሃት አይደለም። እንዲያውም ሎሚ የነካው ቆዳ ፀሐይ ሲመታው ሊያቃጥል፣ ጥቁር ምልክትም ሊተው ይችላል።

የእሬት ጄል ከቅጠሉ ከወጣ በፍሪጅ አንድ ሳምንት ነው ዕድሜው። የተልባ ጄልም ያው ነው። የሩዝ ውሃ ከዚያም ያነሰ። መብራት ሲሄድ ሲመጣ የዋለ ፍሪጅ ከሆነ ይህንንም አትመኑት። የተሻለው መንገድ በበረዶ መሥሪያ ላስቲክ ቀድቶ ማቀዝቀዝና በየቀኑ አንዷን ፍሬ ማውጣት ነው። ከሁሉ የሚሻለው ግን እሬቱን በቁሙ ማኖር ነው። በር ላይ በቆርቆሮ ተክላችሁ ሲያስፈልግ አንድ ቅጠል ቁረጡ። ቅጠሉ ራሱ ከማንኛውም ብልቃጥ በላይ ጄሉን ይጠብቀዋል። ቢጫው መራራ ፈሳሽ ቆዳ ስለሚያሳክክ ቅጠሉን ጥቂት ደቂቃ አቁማችሁ አንጠፍጥፉት።

ስለ ማር ብዙ መናገር አያስፈልግም። ማር ላይ ውሃ ሲገባ ምን እንደሚሆን ለጎንደር ሰው አይነገርም። አረፋ አውጥቶ ኮምጠጥ ካለ የፊት ማስክ መሆኑ ቀርቶ ጠጅ መሆን ጀምሯል። ረግቶ ስኳር ስኳር ያለ ማር ግን አልተበላሸም፣ ስኳር ተቀላቅሎበታል ማለትም አይደለም። ለብ ባለ ውሃ ውስጥ ብልቃጡን አቁሙት፣ ይፈታል።

«የፀጉር ቅቤው ኮመጠጠ»

ለጋ ቅቤ ዘይት ይመስላል እንጂ ውስጡ ውሃና የአሬራ ቅሪት አለበት። የሚያኮመጥጠው ያ ነው። አክስቴ ከቅዳሜ ገበያ ቅቤ ስታመጣ መጀመሪያ የምታደርገው በቀዝቃዛ ውሃ ደጋግማ ማሸት ነው፣ ውሃው ጠርቶ እስኪወርድ። ከዚያ ውሃውን ጨምቃ ታወጣና በትንንሹ ጠቅልላ ፍሪጅ ውስጥ ታስገባለች። ለአንድ ሹሩባ የሚበቃውን ብቻ ታወጣለች። የወጣው ተመልሶ አይገባም፣ ይህ የቤቱ ሕግ ነው። ፍሪጅ ከሌለ በሳምንት የሚያልቀውን ብቻ ግዙ። በቁስል ወይም በተፋቀ የራስ ቆዳ ላይ የከረመ ቅቤ አታድርጉ።

«ክሬሙ ተለያየ፣ ውሃው ላይ ዘይት ተንሳፈፈ»

ክሬም ውሃና ዘይት በግድ ተጋብተው ነው። በጣም ሲሞቅ ወይም በረዶ ሲሠራ ይፋታሉ። ቤት የሠራችሁት ከሆነ አማስሎ ለማስታረቅ አትድከሙ፣ ጣሉት። የተገዛ ከሆነና ገና ካልተከፈተ ወደ ገዛችሁበት መልሱት። ሺአውን እንዳቀለጥነው በሙቅ ውሃ ማቅለጥ እዚህ አይሠራም፣ ያባብሰዋል።

የቫይታሚን ሲ ሴረም እንደ ሻይ ከቀላ ኃይሉ አልቋል። መከላከያው ጨለማ፣ ቅዝቃዜና በደንብ የተከደነ ክዳን ነው።

«ዱቄቱ ጓጎለ፣ ነቀዝ ገባበት»

እርድ፣ አብሽ፣ የሸክላ ዱቄት በክረምት እርጥበት ይስባሉ። በክር የታሰረ ፌስታል አያዋጣም። ክዳኑ የሚጠብቅ ደረቅ ጠርሙስ ይሁን። እርድ ብርሃን ቀለሙን ስለሚያጠፋው ጨለማ ውስጥ አኑሩት። የጓጎለው ደረቅ ከሆነና ካልሸተተ ነፍቶ መጠቀም ይቻላል። ነቀዝ ካያችሁ ለፊት አይሆንም። ማስኩን በውሃ የምትለውሱት ለዕለቱ የሚበቃውን ብቻ ነው። የተለወሰ ማስክ ለነገ አይቀመጥም።

«ፍሪጅ የለኝም፣ ወይም መብራቱ አያስተማምንም»

በበጋ አንድ ጥሩ መላ አለ። ሁለት ያልተቀባ የሸክላ ማሰሮ ፈልጉ፣ አንዱ ሌላው ውስጥ በሰፊው የሚገባ። በመካከላቸው አሸዋ ሙሉና አሸዋውን በውሃ አርሱት። ብልቃጡን በደንብ ከድናችሁ የውስጠኛው ማሰሮ ውስጥ አስቀምጡ፣ አፉን በእርጥብ ጨርቅ ሸፍኑ። ጥላና ነፋስ ያለበት ቦታ ይቀመጥ። ውሃው ሲተን ሙቀቱን ይዞ ይሄዳል። ጠዋትና ማታ አሸዋውን ማርጠብ ይበቃል፤ እቃ ያለቀለቃችሁበትን ውሃም ይቀበላል። ለዘይት፣ ለሺአና ለታሸገ ክሬም ይህ ይበቃል። ለእሬት ጄል ግን አይበቃም፣ እሱ ቅጠሉ ላይ ይቆይ።

ሰኔ ሲገባ ማሰሮዎቹን አውጥታችሁ አሸዋውን ድፉት። አየሩ ራሱ እርጥብ ስለሚሆን ውሃው አይተንም፣ የውስጠኛው ማሰሮ ደግሞ ሻጋታ ይይዛል። በዚያን ጊዜ የቁም ሣጥኑ ታች በቂ ቀዝቃዛ ነው።