ሰው ሰራሽ አስተውሎትና ክፍት ምርምር በቤተ መጻሕፍት ሥራ፦ ሊወገዱ የሚገባቸው ስህተቶች

ቻትጂፒቲ እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 2022 ለሕዝብ ከቀረበ ወዲህ ሰው ሰራሽ አስተውሎት ወደ ካታሎግ ክፍሎች፣ ወደ ማጣቀሻ አገልግሎትና ወደ ዲጂታል ማከማቻዎች በፍጥነት እየገባ ነው። መግባቱን አልቃወምም፤ የሚያሳስቡኝ በጥድፊያ የሚፈጸሙና ኋላ ለማረም የሚያስቸግሩ ስህተቶች ናቸው። ቤተ መጻሕፍት ለተመራማሪ የሚሰጠው ትልቁ አገልግሎት አንድ መረጃ ከየት እንደመጣ፣ ማን እንዳዘጋጀውና በምን ፈቃድ እንደወጣ ለመከታተል የሚያስችል ዱካ ነው። ከዚህ በታች የተነሱት ስህተቶች አብዛኞቹ ይህን ዱካ የሚያጠፉ ናቸው።

በየዕለቱ የሚያጋጥመው የመጀመሪያው ስህተት እንደ ቻትጂፒቲ ያለ የቋንቋ ሞዴል የሰጠውን የማጣቀሻ ዝርዝር ሳያረጋግጡ መቀበል ነው። የቋንቋ ሞዴል መልስ የሚሰጠው ቀጥሎ ሊመጣ የሚችለውን ቃል እየገመተ እንጂ ካታሎግ እያገላበጠ አይደለም፤ ስለዚህ በዘርፉ የታወቀን ተመራማሪ ስም፣ በእርግጥ የሚታተምን መጽሔት ርእስና አሳማኝ ዓመት አገጣጥሞ ፈጽሞ ያልተጻፈ ጽሑፍ ሊያቀርብ ይችላል። ከድረ ገጽ ፈልገው የሚመልሱ መሣሪያዎች ችግሩን ይቀንሱታል፤ ሆኖም እነርሱም እውነተኛ ጽሑፍ ጠቅሰው በውስጡ የሌለ ሐሳብ ሊያስቀምጡለት ይችላሉ። ለማረጋገጥ ለታተሙ ጽሑፎች የሚሰጠውን ዲኦአይ የተባለ ቋሚ መለያ፣ መለያውን በሚመዘግበው ክሮስሬፍ ወይም በ2022 ሥራ በጀመረው ኦፕንአሌክስ በተባለ ክፍት የምርምር ጽሑፎች ማውጫ መፈለግ፣ በሚከፈተው ገጽ ላይ ያለው ርእስና የጸሐፊ ስም ከተሰጠው ጋር መግጠሙን ማየት፣ ከዚያም ጽሑፉን ከፍቶ የተጠቀሰውን ሐሳብ ማንበብ ያስፈልጋል። ብዙዎች የሚዘሉት ሁለተኛውን እርምጃ ነው፤ የተፈጠረ ማጣቀሻ ግን የሌላ ጽሑፍ እውነተኛ ዲኦአይ ተለጥፎበት ሊገኝ ይችላል። በአንጻሩ ብዙ የቆዩ ሥራዎችና የአነስተኛ አሳታሚዎች ጽሑፎች ዲኦአይ ስለሌላቸው፣ መለያው አለመኖሩ ብቻውን ጽሑፉ የለም አያሰኝም። ጽሑፉ ከተገኘ በኋላም በአሳታሚው ተሽሮ እንደሆነ ማየት ይገባል፤ ሪትራክሽን ዋች ያሰባሰበውን የተሻሩ ጽሑፎች መረጃ ክሮስሬፍ በ2023 ወስዶ ለማንም ክፍት አድርጎታል። አንባቢ የሌለ ጽሑፍ ፍለጋ ሲመጣ ደግሞ «የለም» ብሎ መሸኘት አይበቃም፤ ከየት እንዳገኘው በአክብሮት ጠይቆ በርእሰ ጉዳዩ ላይ በእርግጥ ወደተጻፉት ሥራዎች መምራት የሙያው ወግ ነው።

ሁለተኛው ስህተት በነጻ የሚነበበውን ሁሉ እንደፈለጉ ሊጠቀሙበት እንደሚችሉ ማሰብ ነው። እ.ኤ.አ. በ2002 የወጣው የቡዳፔስት የክፍት ተደራሽነት መግለጫ ከማንበብ አልፎ መቅዳትን፣ ማሰራጨትንና ጽሑፎችን ለሶፍትዌር እንደ መረጃ ማቅረብን ጭምር ያካትታል። ነገር ግን ያለ ክፍያ ከሚከፈቱት ጽሑፎች ብዙዎቹ ምንም ፈቃድ አልሰፈረባቸውም፤ ሌሎቹ ደግሞ ለንግድ መዋልን ወይም ተለውጦ መሰራጨትን በሚከለክል የክሪኤቲቭ ኮመንስ ፈቃድ የወጡ ናቸው። ስለዚህ ስብስብን ወደ አንድ መሣሪያ ከማስገባት በፊት የየጽሑፉን ፈቃድ ማንበብና ማሽን ሊያነበው በሚችል መልክ በሜታዳታው (ጽሑፉን በሚገልጸው መረጃ) ውስጥ ማስፈር ይገባል። ሞዴሎችም ያው ጥንቃቄ ያሻቸዋል፤ ፋይሉን ማውረድ ቢፈቀድም በምን ጽሑፍ እንደሠለጠነ ያልተገለጸን ሞዴል ከሥሩ መመርመር አይቻልም።

በእኔ ግምት ከሁሉ የከፋው ሦስተኛው ነው፤ ማሽን ያወጣቸውን የርእሰ ጉዳይ ቃላት ምንጫቸውን ሳይገልጹ በካታሎግ ውስጥ መቀላቀል። ማሽን ለዚህ ሥራ ሊያግዝ እንደሚችል የፊንላንድ ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት አሳይቷል፤ ተቋሙ ያዘጋጀው አኒፍ የተባለ ክፍት ሶፍትዌር ከነባር መዝገቦች ተምሮ ለአዲስ ጽሑፍ የሚስማሙ ርእሶችን ከነጥባቸው ጋር ይጠቁማል። ሆኖም ከነባር መዝገቦች የተማረ መሣሪያ የእነርሱን ዝንባሌም ይወርሳል፤ ብዙ ምሳሌ ያላቸውን ርእሶች በቀላሉ ሲያገኝ አዳዲስ መስኮችንና ጥቂት የተጻፈባቸውን ማኅበረሰቦች ይስታል፤ የሳታቸው መዝገቦች ለቀጣዩ ሥልጠና ሲውሉም ስህተቱ ይባዛል። ማርክ 21 የተባለው የካታሎግ መዝገብ አጻጻፍ ደረጃ ለዚህ 883ኛውን መስክ አዘጋጅቷል፤ አንድ መረጃ በምን ሂደት፣ መቼና በምን ያህል እርግጠኝነት እንደወጣ የሚመዘገበው እዚያ ነው። ባለሙያ ያየውንና ያላየውን የሚለይ ምልክት ከሌለ፣ ከዓመታት በኋላ ካታሎጉን ለማረም የሚነሳ ሰው ከየት እንደሚጀምር አያውቅም።

አራተኛው ከእውነተኛ ችግር የሚመነጭ ነው። ለሞዴል ሥልጠና ጽሑፍ የሚሰበስቡ ቦቶች (በራሳቸው የሚሠሩ ፕሮግራሞች) ክፍት ማከማቻዎችን በጥያቄ ብዛት እያጨናነቁ ነው፤ ሮቦትስ ዶት ቲኤክስቲ በተባለው ፋይል የሚሰፍረው ክልከላም በሰብሳቢው በጎ ፈቃድ ላይ የቆመ ስለሆነ ማንንም አያስገድድም። ሰርቨሩ የወደቀበት ባለሙያ በሩን በሙሉ ቢዘጋ አልፈርድበትም። ይሁን እንጂ እንዲህ ያለው እገዳ የፍለጋ ሞተሮችን፣ ኦኤአይ-ፒኤምኤች በተባለው የሜታዳታ መለዋወጫ ሥርዓት በኩል ሜታዳታ የሚሰበስቡ አገልግሎቶችንና የጽሑፍ ትንተና የሚሠሩ ተመራማሪዎችን አብሮ ያስቀራል፤ ለሁሉም ክፍት እንዲሆኑ የተቀመጡት ጽሑፎችም ማንም የማያገኛቸው ይሆናሉ። የሚሻለው የጥያቄ ፍጥነትን መገደብ፣ የታወቁ ሰብሳቢዎችን ለይቶ መፍቀድ፣ ብዙ መረጃ ለሚፈልግ ደግሞ ስብስቡን በአንድ ጊዜ በሚወርድ ፋይል ማቅረብ ነው።

አምስተኛው ረጅም ማብራሪያ አያስፈልገውም፤ የአንባቢን የውሰት መዝገብ፣ የፍለጋ ታሪክ ወይም ያልታተመ ረቂቅ በሌላ ድርጅት ወደሚተዳደር መሣሪያ መለጠፍ የአንባቢን ምስጢር አሳልፎ መስጠት ነው። የአንድን ሰው ጽሑፍ ማሽን መጻፉን እንለያለን በሚሉ መሣሪያዎች ላይ ብቻ ተመሥርቶ መወንጀልም እንዲሁ ሰውን ይጎዳል፤ የቻትጂፒቲ አዘጋጅ ኦፕንኤአይ ራሱ ያዘጋጀውን እንዲህ ያለ መሣሪያ በትክክለኛነቱ ማነስ ምክንያት በ2023 ከአገልግሎት አውጥቶታል።

ስድስተኛው ቤተ መጻሕፍት ራሳቸው በሚያካሂዱት ምርምር ላይ ይታያል። አንድ ሞዴል ርእስ በመስጠት ወይም ለአንባቢ ጥያቄ በመመለስ ምን ያህል እንደተሳካለት የሚገልጽ ጽሑፍ የሞዴሉን ስምና ስሪት፣ ሙከራው የተደረገበትን ቀን፣ ለሞዴሉ የተሰጠውን ሙሉ ትእዛዝና የተገኘውን መልስ ካላያያዘ ሌላ ተመራማሪ ሊደግመው አይችልም። የንግድ ሞዴሎች ሳይታወቅ ይሻሻላሉ፣ ከአገልግሎትም ይወጣሉ፤ ያን ጊዜ የሚቀረው ማስረጃ የተቀመጠው መልስ ብቻ ነው። ስለዚህ ትእዛዞቹና መልሶቹ፣ ሞዴሉ የተሳሳተባቸውም ጭምር፣ ፈቃዳቸው ተገልጾና ዲኦአይ ተሰጥቷቸው በክፍት ማከማቻ ሊቀመጡ ይገባል፤ የአንባቢ መረጃ የያዘው ክፍል ሲኖር ያ ክፍል ብቻ ተለይቶ ይውጣ፤ የወጣበት ምክንያትም ከመረጃው ጋር በሚቀመጠው መግለጫ ላይ ይጻፍ።