መት የማዋቀሪያ ፋይሉን አሳስቶ ሲያነብ እንዴት እንደሚስተካከል

እ.ኤ.አ. በ1995 የተጀመረው መት በተርሚናል ውስጥ የሚሠራ ክፍት ምንጭ የኢሜይል ማንበቢያ ሲሆን፣ የአገልጋዩን አድራሻም ሆነ የይለፍ ቃሉን የሚወስደው ከአንድ የጽሑፍ ፋይል ነው። የማያውቀው ትዕዛዝ ሲገጥመው የፋይሉን ስምና የመስመሩን ቁጥር ስለሚናገር እንዲህ ያለው ስህተት ብዙ አያስቸግርም። የሚያስቸግረው ምንም ሳይናገር ከጻፍነው የተለየ ነገር ሲይዝ ነው፤ ስለዚህ ፋይሉን ደጋግሞ በዓይን ከመፈተሽ ይልቅ ምን እንዳነበበ ፕሮግራሙን ራሱን መጠየቅ ይሻላል።

ለዚህም መትን ስትጠሩ ሰረዝና ትልቁን የላቲን ፊደል «ኪው» ጨምራችሁ የቅንብሩን ስም ጻፉ፤ የያዘውን ዋጋ አሳይቶ ይወጣል። ያሳየው ከጻፋችሁት ጋር ከተመሳሰለ ችግሩን ሌላ ቦታ ፈልጉ።

በብዛት የሚጎዳው የይለፍ ቃል ነው። 4567#89 ያለ ጥቅስ ከተጻፈ፣ # መት የሚዘለው ማስታወሻ መጀመሪያ ስለሆነ የሚይዘው 4567 ብቻ ነው፤ መግባት ሲከለከል ግን ሰው የሚጠረጥረው አገልጋዩን ነው። ድርብ ጥቅስ #ን ያድናል። ይሁን እንጂ በድርብ ጥቅስ ውስጥ ከ$ ቀጥሎ የላቲን ፊደል ከመጣ መት ቫሪያብል (ዋጋ የተሰጠው ስም) ነው ብሎ በዋጋው ይተካዋል፤ በዚያ ስም የተመዘገበ ነገር ከሌለ ቦታው ባዶ ይቀራል። ነጠላ ጥቅስ ውስጡን እንዳለ ስለሚያስቀምጥ ለይለፍ ቃል የምመክረው እሱን ነው። ከድረ ገጽ የተቀዳ ጠማማ ጥቅስም ሆነ በአማርኛ የለመድነው « » ለመት ጥቅስ አይደለም።

ሌላው ምክንያት \ ነው። መት በ\ የሚያበቃን መስመር መጀመሪያ ከቀጣዩ ጋር ያጋጥማል፣ #ን የሚመለከተው ከዚያ በኋላ ነው። ስለዚህ ከፊቱ # አድርጋችሁ ከሥራ ባስወጣችሁት መስመር መጨረሻ ላይ \ ከቀረ፣ ከሥሩ ያለው ጤነኛ ትዕዛዝም አብሮ ማስታወሻ ይሆንና ያለ ምንም ማስጠንቀቂያ ይጠፋል። ይህ በመት መመሪያ የተገለጸ ባሕርይ ስለሆነ የፕሮግራሙን ኮድ ለመለወጥ አትቸኩሉ፤ \ን አጥፉት። ከ\ በኋላ ባዶ ቦታ ካለ ደግሞ መስመሩ ጭራሽ አይቀጥልም። በተጋጠሙ መስመሮች ላይ ስህተት ሲኖር የሚጠቀሰው ቁጥር የመጨረሻው መስመር በመሆኑ፣ ፍለጋው ከዚያ ወደ ላይ ይሁን።

አሁንም ካልተገኘ ፋይሉን ቅዱና ግማሹን ሰርዛችሁ፣ በሰረዝና በትልቁ «ኤፍ» ቅጂውን እንዲያነብ አድርጉ፤ ስህተቱ ያለበትን ግማሽ እየያዛችሁ ጥቂት መስመር እስኪቀር ድረስ ቀጥሉ። የቀሩት መስመሮች በመመሪያው መሠረት ትክክል ሆነው ሳለ መት አሳስቶ ካነበባቸው ጉድለቱ የፕሮግራሙ ነው፤ ኮድ የምታነቡ ከሆነ «ኢኒት» በተባለው የሲ ፋይል ውስጥ ቃላትን የሚነጣጥለውን ፋንክሽን ተመልከቱ፣ ካልሆነም እነዚያኑ መስመሮች የይለፍ ቃሉን አውጥታችሁ ለአዘጋጆቹ ላኩላቸው።